ቡናችን ዲጂታል መንትያ ሊያገኝ ነው፤ እኛስ?

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ቡናችሁን ቀዳ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ወሬውም የሚጀምረው ከቡና ነው።

ሬኮን ታውቁታላችሁ? ጌዴኦ ዞን ኮቸሬ ውስጥ ነው። ከዲላ ተነስታችሁ ወናጎን፣ ከዚያም ይርጋ ጨፌን አልፋችሁ የምታገኙት ተራራማ የቡና አገር። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ቡና ቆዪዎች "ሬኮ" የሚለውን ስም ከረጢት ላይ ጽፈው ይሸጡታል። ከረጢቱን ብታነቡት ትገረማላችሁ፦ ቡናው የበቀለበት ከፍታ በሜትር፣ የታጠበ ይሁን በፀሐይ የደረቀ፣ በየትኛው ወር እንደተለቀመ፣ ምን ምን እንደሚል ጣዕሙ ሳይቀር ተዘርዝሯል።

በዚያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ደንብ አውጥቷል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ደንቡ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና ደን ተጨፍጭፎ ያልተተከለ መሆኑ እንዲረጋገጥ፣ የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ እንዲታወቅ ያስገድዳል። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ይለካል፤ ለትንሹ ማሳ ደግሞ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። የሚጀመርበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም የኢትዮጵያን የቡና ማሳዎች የመመዝገቡ ሥራ ተጀምሯል። ማሳው ኮምፒውተር ውስጥ ወኪል እያገኘ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያንን ቡና የለቀመችውን እናት አስቡ። የደም ግፊቷ ስንት ነው? ስንተኛ እርግዝናዋ ነው? ባለፈው ወሊድ ደም ፈስሷት ነበር? የትኛው መድኃኒት አይስማማትም? መልሱ ካለ፣ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ የወረቀት ካርድ ውስጥ ነው። ከሌለ ደግሞ እሷና ባሏ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

የዛሬው ርዕሳችን ይሄ ነው። ዓለም ስለ "ዲጂታል መንትያ" እያወራ ነው። ነገሩ ለጤናችን ምን ያመጣል? ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ይረሳል?

👉 ዲጂታል መንትያ ምንድን ነው?

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ እውነተኛ ነገር አለ እንበል፤ ሞተር፣ ድልድይ፣ ከተማ ወይም የሰው ልብ። የዚያን ነገር ቅጂ ኮምፒውተር ውስጥ ትሠራላችሁ። ከዚያም ከእውነተኛው ላይ የሚለካው ነገር ሁሉ (ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ ምቱ) በየጊዜው ወደ ቅጂው ይገባል። እውነተኛው ሲለወጥ ቅጂውም ይለወጣል። በመጨረሻ "እንዲህ ባደርግ ምን ይፈጠራል?" የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ ቅጂው ላይ ትሞክሩታላችሁ። ቢበላሽ የተበላሸው ቅጂው ነው፤ ሰው አልተጎዳም።

ሦስት ነገር ያዙልኝ፦ ቅጂ፣ የማይቋረጥ መረጃ፣ ከቅጂው ተነስቶ ወደ እውነተኛው የሚመለስ ውሳኔ። አንድ ጊዜ የተነሳችሁት ኤክስሬይ መንትያ አይደለም፤ ፎቶ ነው። መንትያ ግን አብሯችሁ ይኖራል።

የሐሳቡ ሥር ብዙ ጊዜ ወደ 1970 ይወሰዳል። አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ እየሄደች ሳለ የኦክስጅን ታንኳ ፈነዳ። መሬት ላይ የቀሩት መሐንዲሶች መንኮራኩሯን መንካት አይችሉም። የሚችሉት ለሥልጠና በሠሯቸው ማስመሰያ ክፍሎች ውስጥ መፍትሔውን መሞከር ነበር። እዚያ የሠራውን በሬዲዮ ነገሯቸው፤ ሦስቱም ጠፈርተኞች በሕይወት ተመለሱ። ዛሬ የምናውቀውን ሐሳብ ማይክል ግሪቭስ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ2002 አቀረቡት፤ "ዲጂታል መንትያ" የሚለው ስም ደግሞ በ2010 ከናሳ ወጣ።

👉 ሕክምና ውስጥ እስካሁን ምን ተሠራ?

ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንደኛው ቆሽት ነው። የአሜሪካው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲና የጣሊያኑ ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ዓይነት 1 የስኳር ሕመምተኞችን ኮምፒውተር ውስጥ ሠሩ። ምናባዊው በሽተኛ ይበላል፣ ስኳሩ ይወጣል፣ ኢንሱሊን ይሰጠዋል፣ ይወርዳል። በ2008 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን (ኤፍዲኤ) ይህ ማስመሰያ ኢንሱሊን በራሱ የሚመጥን ማሽንን ለመፈተሽ በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ሙከራ ሊተካ ይችላል ብሎ ተቀበለው። ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በእንስሳት ይፈተሽ የነበረው ኮምፒውተር ውስጥ መፈተሽ ጀመረ ማለት ነው። በ2016 ደግሞ መሠረታዊ ኢንሱሊኑን በራሱ የሚያስተካክል የመጀመሪያው ፓምፕ ፈቃድ አገኘ። ዛሬ ሌሊት ተኝተው ስኳራቸው የማይወርድባቸው ብዙ ልጆች አሉ።

ሁለተኛው ልብ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ናታሊያ ትራያኖቫና ባልደረቦቿ የአንድን በሽተኛ ልብ ከኤምአርአይ ምስሉ ተነስተው ኮምፒውተር ውስጥ ይሠሩታል። ልቡ ላይ ያለው ጠባሳ የት ላይ አደገኛ የምት መዛባት እንደሚያስነሳ ቅጂው ላይ ይፈልጋሉ። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለውን ነጥብ ቀድሞ አውቆ ይገባል።

ደስ አይልም? እኔን ደስ ይለኛል። ይህን የምጽፈው ቴክኖሎጂውን ለማጥላላት አይደለም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ።

👉 መንትያው የማን መንትያ ነው?

መንትያ ከምን ይሠራል? ከተመዘገበ መረጃ። የተመዘገበው ሰው መንትያ ያገኛል። ያልተመዘገበውስ? የሌላ ሰው መንትያ ይሰጠዋል። "አንተም ሰው ነህ፣ እሱም ሰው ነው፤ ይሆንሃል" ይባላል። ብዙ ጊዜ ይሆናል። አንዳንዴ ግን አይሆንም፤ ያ "አንዳንዴ" ደግሞ ሕይወት ነው።

በወሬ እንዳይቀር አራት ማስረጃ ላቅርብ፤ ሦስቱ ከራሳችን አገር ናቸው።

① ኮዲን። ኮዲን ለሕመምና ለሳል የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሕመሙን በዋናነት የሚያስታግሰው ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀየር ነው። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ አንድ አስገራሚ ነገር አሳተሙ። ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ጂን ከወትሮው በላይ ተባዝቶ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓ ግን ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ምን ማለት መሰላችሁ? ስዊድናዊውን ቀስ ብሎ የሚያስታግሰው ያው መጠን፣ ከእኛ ብዙዎች ሰውነት ውስጥ ቶሎ ብሎ ብዙ ሞርፊን ይሆናል። ሕፃን ላይ ሲሆን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ኤፍዲኤ በ2017 ኮዲን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አግዷል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት መክሯል። እንግዲህ በአውሮፓውያን መረጃ ብቻ የተሠራ "ዲጂታል በሽተኛ" ስለ ኮዲን ብትጠይቁት "ችግር የለውም" ይላችኋል። ለራሱ እውነቱን ነው፤ ስለ እናንተ ግን አያውቅም።

② የደጋ ሰው ደም። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ይሳሳል። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ነዋሪዎች ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ በማብዛት ነው የሚቋቋመው፤ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የሕክምና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የያዙት ይህንን ነበር። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲለኩ ግን ሌላ ነገር አገኙ፦ ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን መጠናቸውም ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። በ2012 ደግሞ ሌላ ጥናት ተጨመረ፤ በከፍታ የሚኖሩ የአማራና የኦሮሞ ተወላጆች ሲነጻጸሩ በሄሞግሎቢን ተለያይተው ተገኙ። ስለዚህ "የኢትዮጵያዊ መንትያ" ብሎ አንድ ቅጂ መሥራት እንኳን አይበቃም። ከዲላ ቆላማ ዳርቻ እስከ ኮቸሬ ተራራ በአንድ ዞን ውስጥ ስንት ዓይነት ኑሮና ከፍታ እንዳለ የጌዴኦ ሰው ያውቀዋል።

③ የስኳር ሕመም። ያ የፓዶቫ ምናባዊ በሽተኛ የተለመደው ዓይነት 1 ነው። እኛ አገር ግን በተለይ ገጠር ሌላ ዓይነት በሽተኛ አለ፦ ወጣት፣ በጣም ቀጭን፣ ድሃ ገበሬ፣ ልጅ እያለ በቂ ምግብ ያላገኘ። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከጎንደርና ከጅማ በሰበሰቡት መረጃ በ2009 ይህንኑ ጽፈው "ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም የሚለውን ጉዳይ እንደገና እንክፈተው ወይ?" ብለው ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን ዓይነቱን ሕመም "ዓይነት 5" ብሎ እውቅና የሰጠው በ2025 ነው። ቁጠሩት፤ 16 ዓመት። ከዚያ በፊት የእኛ ሐኪሞች አይተውት ነበር፤ ያዩትም ካርድ በጥንቃቄ ስለጻፉ ነው። (ማሳሰቢያ፦ ኢንሱሊን የታዘዘላችሁ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ! መጠኑንም ሆነ ዓይነቱን የሚቀይረው ሐኪማችሁ ብቻ ነው።)

④ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት ገብቷል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያነብ እውነተኛው የደም ኦክስጅን ግን ዝቅ ብሎ የተገኘባቸውን በሽተኞች ቆጠረ። ከነጮቹ መካከል 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ መካከል 11.7 በመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። አንዱ ምክንያት ብርሃኑ በጠቆረ ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ንባቡን ማሳሳቱ ነው። መንትያ የሚመገበው እንዲህ ካሉ መሣሪያዎች ነው። መሣሪያው ሲሳሳት መንትያውም ተማምኖ ይሳሳታል።

ከእነዚህ አራት ጀርባ አንድ ትልቅ ቁጥር አለ። በ2018 በተደረገ ቆጠራ፣ በሽታንና ጂንን ለማገናኘት በተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች ውስጥ ከተሳተፉት ሰዎች 78 በመቶ የሚሆኑት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ አፍሪካውያን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሰው ልጅ መነሻ የሆነች አህጉር፣ 2 በመቶ!

👉 እኛ አገር የመንትያው ጡብ የት አለ?

"ዶክተር፣ እኛ ገና መብራት እየጠፋብን ስለ ዲጂታል መንትያ?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ልክ ነው። ግን ጡቡ አለ፤ የሠሩትም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ናቸው።

ፕሮግራሙ በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመድበዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በየጤና ኬላው "የቤተሰብ ማህደር" የሚባል ነገር አለ፤ አንድ ቤት አንድ ማህደር። ውስጡ ማን እርጉዝ እንደሆነች፣ የትኛው ልጅ ክትባት እንደቀረው፣ ቤቱ መጸዳጃ እንዳለው ይጻፋል። ይህን ማህደር ወደ ታብሌት የሚያዞር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት በየአካባቢው እየተስፋፋ ነው። የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ዲኤችአይኤስ2 በሚባል ሥርዓት ይሰበሰባል።

አስቡት፤ የቤተሰብ ማህደር ማለት የአንድ ቤት ቅጂ ነው። ባለሙያዋ በእግሯ እየዞረች፣ ቡናና እንሰት መሃል ባለው ቀጭን መንገድ እየወጣችና እየወረደች ታድሰዋለች። ሳንባል የሠራነው መንትያ ነው፤ የወረቀት ቢሆንም።

ይህ ሥርዓት ሲሠራ ምን ያደርጋል? የሬኮዋ እናት ስምንተኛ ወሯ ላይ ናት እንበል። ባለፈው ወሊድ ደም ፈስሷታል። ያ ታሪክ ታብሌቱ ላይ ካለ ባለሙያዋ "እትዬ፣ ዘንድሮ ቤት መውለድ የለም፤ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ጤና ጣቢያው ጠጋ በይ" ትላታለች። ጤና ጣቢያው ሪፈር ቢላት ዲላ ያለው ሐኪም ከመድረሷ በፊት የደም ዓይነቷን ያውቃል። ይህ ትልቅ ኮምፒውተር አይፈልግም። የሚፈልገው የተጻፈ ነገር አብሯት መጓዙን ነው።

አሁን ያለውን እውነት ደግሞ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። በሽተኛው ከሌላ ተቋም ይመጣል፤ "አባባ፣ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?" ስትሏቸው "አንድ ነጭ ክኒን ነው ልጄ፤ ጠዋት ጠዋት" ይሏችኋል። ነጭ ክኒን ደግሞ ስንት ዓይነት አለ! የደም ግፊት ነው? የሚጥል በሽታ? የልብ? ከዜሮ እንጀምራለን። ደም እንደገና ይቀዳል፤ ገንዘብ እንደገና ይወጣል፤ ጊዜም ይሄዳል።

👉 "ዜሮ" እና "አልተመዘገበም" አንድ አይደሉም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

አንድ ቀበሌ ኔትወርክ የለውም እንበል። ታብሌቱ ተበላሽቷል፤ ባለሙያዋም ወሊድ ላይ ናት። ሪፖርት አልመጣም። ወረዳ ላይ ባለው ስክሪን ያ ቀበሌ ምን ይመስላል? የወባ ታማሚ የለም፤ የእናት ሞት የለም፤ ተቅማጥ የለም። ጤነኛ ቀበሌ ይመስላል! መድኃኒትና አጎበር የሚከፋፈለው በቁጥር ከሆነ፣ ያ ቀበሌ ትንሽ ይደርሰዋል። በጣም የታመመው በጣም ዝም ያለው ሊሆን ይችላል።

ዲጂታል መንትያ ይህን አደጋ አያጠፋውም፤ ያባብሰዋል። ወረቀት ላይ ክፍት ቦታ ስታዩ "እዚህ የጎደለ አለ" ትላላችሁ። የሚያምር ባለቀለም ካርታ ላይ ግን ክፍት ቦታ አይታይም። ኮምፒውተሩ ከጎረቤት ወስዶ በግምት ይሞላዋል፤ ካርታው ሙሉ ይሆናል፤ የሚያየው ሰውም አመነ።

ሰው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በነበረው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ የክትባት ካርዱን፣ የቲቢ መድኃኒት መከታተያውን፣ የእርግዝና ደብተሩን ፈልጎ አይወጣም። የቤተሰብ ማህደሩም የተቀመጠው ጥሎት በሄደው ቀበሌ ነው። መንትያ ከቤት ጋር ብቻ ከታሰረ፣ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መረጃው ሰውን መከተል አለበት። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ለዚህ አንድ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ የሌለው ሰው ግን ከሕክምና በር መመለስ የለበትም።

👉 መንትያችሁ የማን ንብረት ነው?

ሌላው ጎን ይሄ ነው። ገጠሩ ያልተመዘገበ ከሆነ፣ እናንተ ይህን በስልክ የምታነቡት ደግሞ ከሚገባው በላይ ተመዝግባችሁ ሊሆን ይችላል።

ስልካችሁ እርምጃችሁን ይቆጥራል። ሰዓታችሁ እንቅልፋችሁንና የልብ ምታችሁን ይለካል። የወር አበባ መከታተያው መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደቀረ ያውቃል። ይህ ሁሉ ሲደመር ግማሽ መንትያ ነው። ፍሎ የተባለው ታዋቂ የወር አበባ መተግበሪያ የተጠቃሚዎችን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል የትንተና አገልግሎቶች አሳልፏል በሚል ክስ በ2021 ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር ስምምነት መፈጸሙ ይታወሳል።

መንትያችሁን የያዘ አካል ከእናንተ በፊት ስለ እናንተ ያውቃል። ቀጣሪ ቢያየውስ? "ይህቺ ልጅ ልታረግዝ ነው" ብሎ ቢያልፋትስ? ኢንሹራንስ "ይህ ሰው በአምስት ዓመት ኩላሊቱ ይደክማል" ብሎ ክፍያ ቢጨምርበትስ? ገና ያልታመመ ሰው በትንቢት ታማሚ ይሆናል።

አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)። የጤና መረጃ በአዋጁ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ውስጥ ነው። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው። ጥያቄው የገበሬዋ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል የሚለው ነው። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ቅጽ ላይ አውራ ጣት ማስነካት ፈቃድ አይባልም። ጌዴኡፋ የምትናገር እናት በጌዴኡፋ ተነግሯት፣ "እምቢ" ብትል ሕክምናዋ እንደማይቀር አውቃ የሰጠችው ነው ፈቃድ የሚባለው።

ከእኛ የተወሰደ መረጃ ላይ የተሠራ ቴክኖሎጂም ተመልሶ እኛን ማከም አለበት። ቡናችንን ጥሬውን ሸጠን ተቆልቶ ሲመጣ በውድ እንደምንገዛው፣ የሰውነታችንንም መረጃ ጥሬውን ሰጥተን መንትያውን በዶላር እንዳንገዛ።

👉 ታዲያ ምን እናድርግ?

✅ የራሳችሁን "የወረቀት መንትያ" ዛሬ ሥሩ። አንድ ደብተር ወይም የስልክ ማስታወሻ ይበቃል፦ ሙሉ ስም፣ የደም ዓይነት፣ ያለባችሁ ሕመም፣ የምትወስዱት መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የማይስማማችሁ መድኃኒት፣ የተሠራላችሁ ኦፕሬሽን። ለወላጆቻችሁም ሥሩላቸው። የመድኃኒቱን ካርቶን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ "ነጭ ክኒን" ይብቃ።

✅ ግፊትና ስኳር በቤት የምትለኩ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉ። አንድ ቁጥር ፎቶ ነው፤ የአንድ ወር ቁጥር ታሪክ ነው። ሐኪማችሁ ታሪኩን ይፈልጋል።

✅ ከሆስፒታል ስትወጡ የሕክምና ማጠቃለያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ሪፈር ወረቀትም ሆነ የላብራቶሪ ውጤት አትጣሉ።

✅ ከውጭ ዘመድ የላከውን የሳል ሽሮፕ ወይም ማስታገሻ ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ውስጡ ኮዲን እንዳለው ፋርማሲስት ጠይቁ። ካለው ለልጅ አትስጡ፤ የምታጠቡ እናቶችም አትውሰዱ። መድኃኒት ወስዶ ከወትሮው በተለየ የሚያንቀላፋ ወይም ትንፋሹ የዘገየ ልጅ ካለ ሰዓት ሳታባክኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

✅ ጣት ላይ የሚሰካውን መለኪያ ስትጠቀሙ የጥፍር ቀለም አጥፉ፤ የቀዘቀዘ እጅ አሙቁ። ቁጥሩ "ደህና" ቢልም ትንፋሽ ካጠረ፣ ማውራት ካቃተ፣ ምላስ ወይም የከንፈር ውስጠኛ ክፍል ከገረጣ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ሰውየውን እመኑ፤ ማሽኑን ተዉት።

✅ "ሳይወጋ ስኳር ይለካል" የሚባል ሰዓትና ቀለበት በየገበያው አለ። ኤፍዲኤ በ2024 እንዲህ ያለ በራሱ ስኳር የሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት ፈቃድ እንዳልሰጠ አስጠንቅቋል። በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን መጠን መቀየር ሕይወት ያሳጣል።

✅ የጤና መተግበሪያ ስትጭኑ የሚጠይቃችሁን ፈቃድ አንብቡ። የእርምጃ መቁጠሪያ የስልክ ቁጥር ዝርዝራችሁን ምን ሊያደርግበት ነው?

✅ እባካችሁ፣ እባካችሁ! የምርመራ ውጤታችሁን ከነስማችሁ ኮሜንት ላይ አትለጥፉ፤ የቴሌግራም ግሩፕ ላይም አትላኩ። እዚህ ገጽ ላይም ቢሆን። ስማችሁን ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩ።

✅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በራችሁን ስታንኳኳ "ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቅ ነው" አትበሉ። ከተማ ውስጥም ይዞራሉ። ቁጭ አድርጋችሁ፣ ቡና ካለ ቡና አቅርባችሁ፣ በትክክል መልሱ። የምትጽፈው ለመንግሥት ሪፖርት ብቻ አይደለም። ነገ ልጃችሁን የሚያክመው ማሽን ልጃችሁን እንዲያውቀው ነው።

በመጨረሻ ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ቃል፦ ተረኛ ስንሆን፣ ድካሙ ሲበዛ፣ ካርድ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ማለፍ ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ግን የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ያንን ቀጭን ገበሬ በሥርዓት ባይጽፉት ኖሮ ያንን ጥያቄ ባልጠየቁ ነበር። የምንጽፈው እያንዳንዱ ካርድ የአንድ ሰው መንትያ ቁራጭ ነው። የሚነበብ አድርገን እንጻፈው።

የእናንተ ቤት የመድኃኒት ዝርዝር ተጽፏል? ካልተጻፈ ዛሬ ማታ ከእናታችሁ ጀምሩ፤ ስልክ ደውሉና "እማዬ፣ የምትወስጂውን መድኃኒት አንብቢልኝ" በሏት። ከተጻፈ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ላልጻፈ ሰው ሼር አድርጉት።